የበድሉ መርዶ

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለምንዳዬ፣ ሸፊልድ፤

እንደምን ሰነበትክ? በዚያ በብርዱ አገር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርህ። እኔ ከድካሙ በቀር ደኅና ነኝ። ድካሙንም እንደለመድኩት እችለዋለሁ እያልኩ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በዛብኝ።

ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የጀመርኩት አንተም ስለማትደውል ነው። እናትህን እቴቴን ኅዳር ላይ ከቀበርናት ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። አልወቅስህም። ብትደውል በድሉ እዚሁ ማገገሚያ ቤቱ አጠገቤ ይሆንና "ወንድሜን አገናኚኝ" ይላል፤ ከዚያ ስለ እናቱ ይጠይቅሃል። ስለዚህ እዚሁ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እየጻፍኩ በኢሜይል እልክልሃለሁ፣ አንተም ሲመችህ ትመልስልኛለህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ለሥራ ጉዳይ ነው። አንተ እዚያ የአእምሮ ሕሙማንን የሚደግፉ ሠራተኞችን ታሠለጥናለህ፤ እኔም ሳላስበው አሠልጣኝ ልባል ነው። ባለፈው ወር የማገገሚያ ቤታችንን ሠራተኞች በሙሉ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ወስደው አሠለጠኑን። ምሳው ጥሩ ነበር። ቦርሳና ደብተር ሰጡን፣ በስክሪን ላይ ክብና ቀስት አሳዩን፤ ሰውን ያማከለ ክብካቤ፣ በንቃት ማዳመጥ፣ የታካሚን ስሜት መቀበል። አንዱም ስሕተት የለበትም። ሰኞ ስንመለስ ግን አስመላሽ እንደ ልማዱ የሕሙማኑን ብርድ ልብስ እየገፈፈ "ተነሡ፣ ነግቷል" ሲል አገኘሁት። አዲሱን ቦርሳ አንግቶ ነበር።

አስመላሽ ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ድሮ ጥበቃ ነበር፤ ሰው ሲያንሰን ወደ ውስጥ አስገባነው፣ ለሕሙማኑም አንጀቱ ይላወሳል። ፍሬሰላም ደግሞ ሳይኮሎጂ ተምራ አምና የተመረቀች ልጅ ናት፤ ንድፈ ሐሳቡን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፣ ሳህን የሚወረውር ሰው ሲገጥማት ግን ሮጣ ወደ እኔ ነው የምትመጣው። ኃላፊያችን "ነርሷ አንቺ ነሽ፣ የተማሩትን በሥራ ላይ እንዲያውሉት አድርጊ" ብሎኝ ሄደ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ምከረኝ።

በድሉ ደኅና ነው። በመልእክት እንዳዘዝከን የእናቱን ሞት አልነገርነውም። እቴቴ እሑድ እሑድ ቂርቆስ አስቀድሳ ስትመለስ ጎራ ብላ የዕለቱን መድኃኒት በእጇ ትሰጠው ነበር። ካዛንቺስ ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ከወጣች በኋላ እንኳ በሁለት ታክሲ እየመጣች አንድም እሑድ አላስታጎለችም። አሁን ሲጠይቀን "እናትህ ጠበል ሄደዋል" እንለዋለን። እኔም ጠዋት ጥቁር ነጠላዬን በሩ ላይ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ ማታ ስወጣ መልሼ እለብሰዋለሁ።

አክባሪ እህትህ፣
ሸዋአየሁ

ሸፊልድ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም

ለውድ እህቴ ለሸዋዬ፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤተሰብሽ ሁሉ ይሁን። ለደከመ ጉልበትሽ ብርታት፣ ለእንቅልፍሽም ጸጥታ ይስጥልኝ።

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ላይ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። የአስመላሽ ቦርሳ እዚህም አለ፣ በቀለም ብቻ ነው የሚለያየው። ይህን ሥራ ስሠራ ስንት ዓመቴ፤ ሠራተኞቼ ትምህርቱን በፈተና አምጡ ስላቸው ሸምድደው ያመጡታል፣ በበነጋው ግን በር ሳያንኳኩ ሕሙማኑ ክፍል ይገባሉ። ትምህርቱን የጠሉ አይምሰልሽ። ሰው ሲደክመው እጁ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው።

እንዲህ አድርጊ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ተረኛ ትተሽ የቀሩትን ሰብስቢ። አንድ ሰው አንድ ገጠመኝ ብቻ ያምጣ፣ ትንሽ ይሁን። እገሌ ገላዬን አልታጠብም አለኝ፤ እገሊት ምሳዋን ደፋችው። ምን ሆነ ብለሽ ጠይቂ። ያን ጊዜ አንተን ምን ተሰማህ፣ እሱንስ ምን ተሰምቶት ይሆናል በዪ። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚመጣው፤ ከተማርነው እዚህ ላይ የሚረዳን የቱ ነው፣ ነገስ ምን እንሞክር። ማንም አይገሠጽ። አንቺም የራስሽን አምጪ፤ አለቃዋ የማትሳሳትበት ስብሰባ ከሆነ ሁሉም ያማረውን ብቻ ነው የሚያወራው።

አንድ ነገር አደራ። ሁሉንም ቢረሱ ይህን አይርሱ፤ ሕመምተኛን አትዋሹ። ከባድ እውነት የሚነገርበት ጊዜና አነጋገር አለው እንጂ ውሸት ቦታ የለውም። አእምሮው የሚጠራጠር ሰው በዙሪያው ያሉት ሰዎች በእውነት ሲዋሹት፣ የቱን ይመን? ይህን ሁልጊዜ በትልቁ ጽፌ ነው ክፍሉ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው።

ለበድሉ የመድኃኒቱን ገንዘብ እንደወትሮው ልኬያለሁ። ስለ እሱ እንደተነጋገርነው ይሁን። በዚህ ሰሞን ሥራ ስለበዛብኝ ብዘገይ አትቀየሚኝ።

ወንድምሽ፣
ምንዳዬ

ቂርቆስ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወንድሜ ለምንዳዬ፤

ፈጣሪ ካለህበት በሰላም ይጠብቅህ፤ እኛን ለጊዜው ጠብቆናል። ውኃ ከጠፋ ሳምንት አለፈው፣ አንዲት ሠራተኛም የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሄደች፤ እግዜር ይቅናት፣ እኔ ግን የእሷን ተራ ደርቤ ይዣለሁ። ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ስብሰባህ ግን ያዘልህ። የመጀመሪያው ዓርብ የሚጀምር ጠፋ። እኔ ጀመርኩ፤ አንዲት ሴት ስታለቅስብኝ ሰዓቴን እንዳየሁ ነገርኳቸው። ከዚያ አስመላሽ አፉን ፈታ። አንድ ወጣት ሕመምተኛ "መኖር ሰለቸኝ" ሲለው "አይዞህ፣ ያልፋል" ብሎት እንደሄደ አወራ። ፍሬሰላም ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እንደዚያ ሲሉት ልጁ ምን አለ?" አለችው። "ምን ይላል፣ ዝም አለ" አላት።

እኛ አገር አይዞህ የማትገባበት የለም። ጉንፋንም አይዞህ፣ ሞትም አይዞህ። ደግ ቃል ናት፣ ግን ቀድማ ከመጣች ወሬው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ተስማማን፤ አይዞህ ከማለታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፣ መልሱንም ቁጭ ብለን እንስማ። አስመላሽ "አይዞህ ካላልኩ አፌን ምን ላርገው?" ብሎ አሣቀን። በሳምንቱ ግን ያንን ወጣት አጠገቡ ተቀምጦ "ምኑ ነው የሰለቸህ?" አለው፤ ልጁ እስከ ምሳ ድረስ አወራለት። ለሐኪሙም ነገርን። ብርድ ልብስ መግፈፉም ቀርቷል፤ አሁን በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ የፍሬሰላም ተራ ነበር። ያመጣችው በድሉን ነው። "እናቴ ለምን አትመጣም አለኝ፣ እኔም ጠበል ናቸው አልኩት። ዓይኔን አየኝና፣ በቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እዚህ ላይ የሚረዳን የትኛው ትምህርት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቷ አላፌዘችም፣ የምር ነው የጠየቀችው። አትዋሹ የሚለውን ያንተን ቃል እኔው ነኝ በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት፤ ከጀርባዬ ነበር። ሻይ ደረሰ ብዬ ስብሰባውን በተንኩት።

ምንዳዬ፣ እንንገረው። አንተ ታላቅ ስለሆንክ ካንተ ቃል አልወጣም፤ ግን ፍቀድልን።

እህትህ፣
ሸዋአየሁ

ሸፊልድ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእህቴ ለሸዋአየሁ፤

በያዝነው ጾም በረከቱ ይድረስሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ ላይ ሠራተኞች ታመው እኔው ተተክቼ ስሠራ ነበር።

ጉዳዩን በጥሞና አስቤበታለሁ። ታካሚው ከሦስት ዓመት ወዲህ የተረጋጋ ነው። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጭንቀት ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። የቅርብ ደጋፊውን በማጣቱ ተጋላጭነቱ ጨምሯል። ስለዚህ መረጃውን ማቆየት በዚህ ደረጃ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ለፍሬሰላምም ንገሪያት፤ ሕግ ሁሉ ልዩ ሁኔታ አለው።

ደግሞ አባባ ሲሞት የሆነውን አትርሺ። እንደሰማ ነው ከቤት ወጥቶ የጠፋው፤ ሳምንታት ፈልጋችሁት በምን ሁኔታ እንዳገኛችሁት አንቺ ታውቂያለሽ። እቴቴ ያኔ ነው ያረጀችው። አሁን ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል? እኔ እዚህ ነኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቸኩል።

ፎቶውን ላኪልኝ፣ ሲስቅ ያነሣሽውን።

ምንዳዬ

ቂርቆስ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም

ለምንዳዬ፤

ጤናውን ይስጥህ፣ ልቦናውንም ለሁላችን።

ፎቶ አልላክሁም፣ የሚስቅ ሰው የለም። በድሉ ካለፈው እሑድ ጀምሮ መድኃኒቱን አልወስድም ብሏል። "እናቴ መጥታ ትስጠኝ" ነው የሚለው። ምግብም ቀንሷል። ሐኪሙ ማክሰኞ መጥቶ አይቶታል፤ በዚህ ከቀጠለ ሆስፒታል ይገባል፣ እዚያ ደግሞ በግድ ይሆናል። ስለ እናቱ ስነግረው ሐኪሙ ምን እንዳለ ልንገርህ፤ "ሰው አጠገቡ አድርጋችሁ በሥርዓቱ ንገሩት፣ እኔም በዚያ ሳምንት እመላለሳለሁ" አለ። እናቱ የሞተችበት ሰው ሳያውቅ የሚከርምበት ሕክምና አላውቅም አለኝ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ታካሚው" አልከው። ወንድምህ እኮ ነው። ተማሪህ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልህ በቀይ ትሰርዝበት ነበር፤ እኔ ቀይ እስክሪብቶም የለኝ፣ ደክሞኛል።

የአባባን ነገርም አንተ ሩቅ ስለነበርክ ተሳስተህ ይዘኸዋል። በድሉ ሰምቶ አይደለም የጠፋው። ያኔም ደብቀነው ነበር። "አይችለውም" ብለን አባትህ ክፍለ ሀገር ሄዷል አልነው። ሜክሲኮ ታክሲ ሊሳፈር ሄዶ የሰፈር ልጅ የሆነ ወያላ "የአባትህን ነፍስ ይማር" አለው፤ በሰው መሐል፣ በጥድፊያ፣ ሂሳብ እየተቀበለ። እኔ ነኝ ወያላውን ኋላ ያገኘሁት፣ እያለቀሰ ነበር የነገረኝ፤ አላወቀም። በድሉን ያባረረው የአባቱ ሞት ብቻ አይደለም፤ አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ አለማወቁ ነው። አሁንም ከድሮ ጎረቤቶቻችን አንዱ እዚህ በር ላይ ቢያገኘው ያው ነው የሚሆነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሲጠራ እኛ አጠገቡ እንሁን ነው የምልህ።

ያሰብኩትን ልንገርህ። እንደ ማንም ሰው መርዶ ይነገረው። በማለዳ፣ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት። ችግሩ እድራችን ከሰፈሩ ጋር ተበትኗል። ትናንት በካዛንቺስ አለፍኩ፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፣ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ግን መለየት አቃተኝ። ቢሆንም ጋሽ ተኽላይን አግኝቻቸዋለሁ፤ ልጃቸው ጋ ነው ያሉት፣ በዱላ ነው የሚሄዱት፣ እመጣለሁ ብለዋል። እትዬ ከውሰርም "የሀብትነሽን ልጅ እኔ ሳልኖር ማንም እንዳይነግረው" ብለውኛል። ከእቴቴ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፣ አያጽናናህም?

የቀረው ያንተ ቃል ነው። ቶሎ።

ሸዋአየሁ

ሸፊልድ
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም

ሸዋዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ዛሬ ምርቃቱን ማሳመር አልቻልኩም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ብዙ ጊዜም ተነሣሁ። እኔ የሰማሁትን ጊዜ ልንገርሽ። ያንቺ መልእክት ሳይደርሰኝ የሩቅ ዘመዳችን የእቴቴን ፎቶ በፌስቡክ ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ብሎ አገኘሁት። ሥልጠና ላይ ነበርኩ፣ የሻይ እረፍት ነው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩና የከሰዓቱን ትምህርት ጨረስኩ። ሐዘን የደረሰበትን ሰው እንዴት እንደግፍ የሚል ነበር። ጥሩ አስተማርኩ፣ ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሥራ ቦታዬም አያውቁም፣ እዚህ ያሉት ጥቂት አገር ሰዎችም አያውቁም። አላለቀስኩም።

የምፈራው ለበድሉ ብቻ እንዳልሆነ ይህን ስጽፍ ገባኝ። እሱ ካላወቀ፣ እቴቴ እሑድ እንደምትመጣ የሚያስብ አንድ ሰው በዓለም ላይ አለ። ይህን ሳስበው ያሳርፈኝ ነበር፤ ደክሞኛል ሸዋዬ፣ ካንቺ ባላነሰ። ግን የእኔን ዕረፍት በእሱ ጤና ልገዛ አይገባም።

ንገሩት። ሐኪሙ በቅርብ ይሁን። ከጋሽ ተኽላይ በቀር ሌላ ሰው እንዳይቀድም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ከዚያ ጻፊልኝ፤ ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

ምንዳዬ

ቂርቆስ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወንድሜ ለምንዳዬ፤

እግዚአብሔር ያጥናህ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም ነበር።

ትናንት ቅዳሜ ነገርነው። ዓርብ በስብሰባችን ላይ ሌላ ገጠመኝ አላነሣንም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ማን በሩ አካባቢ እንደሚሆን ተነጋገርን። ፍሬሰላም "እሱ ካልጠየቀ ስለ ሕመሙ አናንሣ፤ ነገ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው እንጂ ታካሚ አይደለም" አለች። አስመላሽ የመግቢያውን ክፍል ወንበሮች በጠዋት እንደ ለቅሶ ቤት በግድግዳው ዙሪያ ደረደራቸው። እኔም ቦርሳዬን ሳልከፍት፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ ገባሁ።

ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ተኽላይ በዱላቸው፣ እትዬ ከውሰርም ከልጃቸው ጋር ደረሱ። በድሉን አስመላሽ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀሰቀሰውና አመጣው። ሲገባ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ እኔን አየኝ። ሳይባል ተቀመጠ። ጋሽ ተኽላይ እጁን ያዙትና "በድሉ ልጄ፣ ተወልዶ የሚሞት፣ ሞቶ የሚቀበር ሰው ነው። እናትህ ሀብትነሽ አርፋለች" አሉት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለ።

ሁላችንም ደነገጥን። ጠዋት ጠዋት ጥቁሬን በር ላይ ሳወልቅ ከላይ ከመስኮቱ ያየኝ እንደነበር ተናገረ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነው ያወቀው። ፍሬሰላም "ታዲያ ለምን እናቴ የት ናት ትለን ነበር?" አለችው።

"እንድትነግሩኝ ነዋ" አላት። "ማንም ሳይነግረው የሚያለቅስ ሰው እብድ ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ እብድ ተብዬ አልቅሻለሁ፣ በቃኝ። ሌላው ሰው ሲሞትበት ሰው ተሰብስቦ ይመጣለታል። ለእኔ ግን ማንም አልመጣልኝም።"

ከዚያ አለቀሰ። ምንዳዬ፣ እንዴት እንዳለቀሰ። እትዬ ከውሰር ደረታቸው ላይ አቅፈውት አብረውት አለቀሱ፣ የእቴቴን ነገር እያነሡ፤ በግድግዳው ቀዳዳ እሳት ታቀብላቸው የነበረውን፣ እሱን ስትወልድ እሳቸው እንደነበሩ። አስመላሽ ጥግ ይዞ ተንሰቀሰቀ። አንድም ሰው ዝም በል አላለውም። ረፋድ ላይ ሕሙማኑ ተራ በተራ ገብተው እጁን እየጨበጡ ተቀመጡ። ከወር በላይ ሰው ያላናገረች አንዲት ሴት መጥታ "ያጥናህ" አለችው። እኔ ልቅሶ ስደርስ ኖሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ አልደረስኩም።

ሁሉም አማረ እንዳልልህ። ከሰዓት በኋላ በጣም ጮኸ፣ በሩንም መታ፤ ሐኪሙ መጥቶ አብሮት ቆየ። ዛሬም እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ነገ የሚሆነውን አናውቅም። መድኃኒቱን ግን ትናንት ማታ ራሱ ጠይቆ ወሰደ፣ ዛሬም ወስዷል። አፉን ክፈት አላልኩትም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት "ለምንዳዬ ማን ነገረው?" ብሎ ጠየቀኝ። ላለመዋሸት ተስማምተናልና እንደጻፍክልኝ ነገርኩት፤ በስልክ እንዳየኸው፣ ብቻህን እንደሆንክ፣ እስከ ዛሬም ለማንም እንዳልተናገርክ። ከዚያ ተነሥቶ ጋሽ ተኽላይ ወዳሉበት ስልክ ደውይልኝ አለኝ።

ነገ ሰኞ በእናንተ ማለዳ ስልክህን ክፍት አድርገው። ከቤት እንዳትወጣ።

እህትህ፣
ሸዋአየሁ

ሸፊልድ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእህቴ ለሸዋዬ፤

እድሜ ይስጥሽ። ለጋሽ ተኽላይም፣ ለእትዬ ከውሰርም፣ ለእነ አስመላሽም እንደዚሁ።

ገና አልጋ ላይ ነበርኩ ስልኩ ሲጠራ። መጀመሪያ ያየሁት የጋሽ ተኽላይን ግንባር ነው፤ ስልኩን ማን እንደያዘው እንጃ፣ ኮርኒስ ታየኝ፣ ወንበር ታየኝ፣ ከዚያ የወንድሜ ፊት መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። አባባን መሰለኝ። ስንት ዓመት ሆነኝ ሳላየው።

"ምንዳዬ፣ ተቀመጥ" አለኝ። ተቀምጫለሁ አልኩት። "አይ፣ ልብስህን ልበስና ወንበር ላይ ተቀመጥ" አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። እስክመለስ ጠበቁኝ፣ ከኋላው ማንም አይነጋገርም ነበር።

አነጋገሩን አስቦበታል። ታምማ እንደነበር፣ ብዙ እንዳልተሠቃየች፣ በማን እጅ እንዳረፈች፣ የት እንደተቀበረች በየተራው ነገረኝ፤ አንዱም የማላውቀው አልነበረም፣ አንዱንም ግን ከሰው አፍ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ "እናታችን ሞታለች፣ ወንድሜ" አለኝ። አራት ወር ሙሉ የማውቀውን ነገር ያን ጊዜ ሰማሁት። ጮኼ አለቀስኩ ሸዋዬ፣ የጎረቤቴ ውሻ እስኪጮኽ ድረስ። እሱ አልቸኮለም፣ እስኪወጣልኝ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከኋላው እትዬ ከውሰር ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

ሲበቃኝ "ዛሬ ሥራ አትሂድ፣ ደውልና ንገራቸው። እዚያ አገር ሰው ካልነገርከው አይመጣልህም አሉ" አለኝ። እሺ አልኩት።

ደወልኩ። አለቃዬ ለዓመታት አብራኝ የሠራች ሴት ናት፤ እናቴ ሞታለች አልኳት። በጣም አዘነች፣ ማን አብሮህ አለ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ አለችኝ። ከዚያ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ነገረኝ አልኳት።

ምንዳዬ